የመራራውን ግብጦ ዘር አስቀሩ

የጎጃም ገበሬዎች፣ የአዊ እናቶች፣ ግብጦ የምትወዱ ሁሉ! ግብጦ የድሃ መሬት ሰብል ነው ብላችሁ አትናቁት። በደከመና በኮመጠጠ አፈር ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ማሳውን ያድሳል፤ የተባይ መድኃኒት ሳይረጭበትም ያፈራል።

ለምን? መድኃኒቱ በውስጡ ስላለ! ሉፓኒንና መሰል አልካሎይዶች የተባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች በአረንጓዴው ቅጠሉ ይሠራሉ፤ ከዚያ ወደ ግንዱና ወደ ፍሬው ይወርዳሉ። ክሽክሽን ያባርራሉ፤ ቅጠሉን የደፈረ ትል እንዳያድግ ያቀጭጫሉ፤ ሻጋታን እንኳ ይገታሉ። እናቶቻችን ግብጦውን ቆልተው፣ ለቀናት በወራጅ ውኃ ዘፍዝፈው የሚያወጡት ምሬት ይኸው ነው።

ይህ ምሬት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ጀርመኖች አይተውታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ የተባለ ተመራማሪ ምሬቱ እጅግ የቀነሰ ግብጦ ለይቶ አወጣ። ሰውም ከብትም ወደደው። ጥንቸልና ክሽክሽም ወደዱት! መራራው በቆመበት ማሳ ጣፋጩ እየተመረጠ ተበላ።

ጣፋጩ ዝርያ አሁን ወደ እኛም መጥቷል። ለመኖ መልካም ነው፤ ይዘራ። ነገር ግን መራራውን ገፍቶ እንዲያስወጣው አንፍቀድ! የአገራችን ግብጦ በገበሬ ምርጫ የቆየ ዘር ነው፤ አንዴ ከጠፋ ከየትም አይገዛም።

ስለዚህ ተነሱ! ገበሬዎች፣ ከዚህ ምርት ዘር ለዩ። ከጎረቤት ጋር ተለዋወጡ። እናቶች፣ አዘፋዘፉን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምሬቱ መውጣቱ በምን እንደሚታወቅ ንገሯቸው። ያልተዘፈዘፈ ግብጦ ይመርዛልና ይህን እውቀት እንደ ቀላል አትዩት።

ተመራማሪዎች፣ ግብጦ ወደሚዘፈዘፍበት ወንዝ ዳር ውረዱ! በየዕለቱ እየታጠበ የሚሄደውን መራራ ውኃ ቅዱ፤ ለኩት፤ በክሽክሽና በሻጋታ ላይ ሞክሩት። መጠኑና ጉዳቱ ሳይታወቅ ግን ማንም በማሳው አይርጨው፣ ከብትም አያጠጣው።

ከተሜዎች፣ ግብጦ ግዙ። ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ገዢ ያጣ ሰብል ከማሳ ይወጣል፤ ከጎጃም የሚመጣውን ፈልጉና ግዙ።

የግብርና ባለሙያዎች፣ በየቀበሌው መራራ ግብጦ የሚዘራውን ገበሬ መዝግቡ። ዘሩን ለብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አድርሱ። እናንተ በጎተራችሁ ግብጦ ያላችሁ ደግሞ ከዛሬ አትለፉ፦ ያልነቀዘውን ልቀሙ፣ በደረቅ ዕቃ አኑሩ፣ ዘር ለሌለው ጎረቤታችሁም ስፈሩለት!