በሁለት ሥዕሎች መካከል

በአገራችን «ሥዕል ያለው መጽሐፍ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃናት ነው። ልጁ ከፍ ባለ ቁጥር በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ሥዕል እየቀነሰ፣ ጽሑፉም እየደቀቀ ይሄዳል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሥዕል የምዕራፍ ማስጌጫ ወይም የመሣሪያ ንድፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሥዕል የተተረከ ልብ ወለድ ይዞ የተገኘ ተማሪም «ቁም ነገር አንብብ» መባሉ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ይህ ግምት የተሳሳተ ነው፤ ፊዚክስን ለሚማርና ለሚያስተምር ሰው ደግሞ ጎጂም ነው።

የሥዕል ልብ ወለድ ስንል፣ ታሪኩ ጎን ለጎን በተደረደሩ ክፈፎች የሚነገርበትንና የገጸ ባሕርያቱ ንግግር እዚያው ሥዕሉ ውስጥ የሚጻፍበትን መጽሐፍ ማለታችን ነው። ዘርፉ ለቀልድ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። አርት ስፒግልማን አባቱ ከናዚዎች የሞት ካምፕ የተረፈበትን ታሪክ «ማውስ» በተባለ ሥራው በሥዕል ተርኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቶበታል። ይሁን እንጂ እኔን እንደ ፊዚክስ መምህር ይበልጥ የሚስበኝ በሥዕሎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመጀመሪያው ክፈፍ አንድ ልጅ ድንጋይ ጨብጦ ቆሟል፤ በሁለተኛው መስኮቱ ተሰብሯል። ድንጋዩ በአየር ላይ ሲበር የሚያሳይ ሥዕል የለም። በረራውን የፈጠረው አንባቢው ራሱ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ስኮት መክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመውና ራሱም በሥዕል በተዘጋጀው የጥናት መጽሐፉ፣ የዚህ ጥበብ ምሥጢር ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ እንደሆነ በሰፊው አብራርቷል። የእኛም ሙያ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የፊዚክስ ሊቅ በተለያዩ ቅጽበቶች የተገኙ ልኬቶችን ይዞ በመካከላቸው ምን እንደተፈጸመ ይጠይቃል።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ያሳየን ጋሊሊዮ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ምሽት በቴሌስኮፑ ወደ ጁፒተር ሲመለከት፣ ሦስት ትንንሽ ከዋክብት በአንድ መስመር ተሰልፈው አየ፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ነበሩ። በማግሥቱ ሦስቱም ወደ ምዕራብ ሄደዋል። በ10ኛው ቀን የታዩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም በምሥራቅ ነበሩ፤ በ13ኛው ቀን አራት ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ እነዚህን ምልከታዎች እየተከታተለ ከስልሳ በሚበልጡ ሥዕሎች አሳየ። እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ክብና ጥቂት የኮከብ ምልክቶች እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ከመካከላቸው አንዱን ለብቻው ብናየው ምንም አይነግረንም። በተከታታይ ስናያቸው ግን ከዋክብቱ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ ጨረቃዎች መሆናቸውን፣ ሁሉም ነገር በመሬት ዙሪያ ይዞራል የሚለውም አስተሳሰብ መሠረቱ እንደተናጋ እንረዳለን። ሥዕሎቹን ከመጽሐፉ ብናወጣቸው ማስረጃው አብሮ ይወጣል።

አንባቢ ይህን በራሱ ደብተር ሊሞክረው ይችላል። ከገደል አፋፍ የተለቀቀ ድንጋይ በየአንድ ሰከንዱ የሚገኝበትን ቦታ በአራት ክፈፎች ሣሉ፤ የአየሩን ግጭት ለጊዜው እንተወው። ድንጋዩ መነሻው ላይ፣ ከዚያ በግምት 5 ሜትር፣ 20 ሜትርና 45 ሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። በክፈፎቹ መካከል የተጓዘው ርቀት 5፣ 15 እና 25 ሜትር ነው፤ እንደ 1፣ 3 እና 5 ማለት ነው። አክስለሬሽን የምንለው ነገር በአንዱም ክፈፍ ላይ አልተሣለም። ፍጥነትን ለማየት ሁለት ክፈፍ ይበቃል፤ የፍጥነትን ለውጥ ለማየት ግን ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። ቀመሩን በቃሉ የሚያነበንብ፣ ነገር ግን ይህን አስተውሎ የማያውቅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በየዓመቱ ያጋጥመኛል።

ይህን መንገድ በሚገባ የተጠቀሙበት ጃፓናውያን ናቸው። ሂዴዎ ኒታ የተባሉት የፊዚክስ መምህር ከሠዓሊ ጋር ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ የወጣው የፊዚክስ ማንጋ የሚጀምረው በቴኒስ ሜዳ ነው። ሜጉሚ የተባለችው ተማሪ ኳስና መምቻው ሲጋጩ የትኛው በየትኛው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል በሚለው የፈተና ጥያቄ ሐሳቧ ተይዞ ጨዋታ ትሸነፋለች። ከዚያ በኋላ የፊዚክስ ጎበዝ የሆነው የክፍል ጓደኛዋ ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ ያስረዳታል። ሜጉሚ የምትጠይቀው ተማሪዎቻችን ሊጠይቁ እያፈሩ የሚተዉትን ነው፤ ኃይሎቹ እኩል ከሆኑ ኳሱ ለምን ይበራል? እኩል የሆኑት ኃይሎች በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ እንደሚያርፉ በሥዕል ላይ በቀስት ሲታይ ግራ መጋባቱ ይቃለላል።

በዚህ ስም የሚወጣው ሁሉ ግን ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጢማም ፕሮፌሰር ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ገጽ በገጽ የሚናገርባቸው ብዙ የሳይንስ ኮሚኮች አሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ጽሑፉን ስታነብቡ የቀረባችሁ ነገር ከሌለ መጽሐፉ ያው የለመድነው ሌክቸር ነው። ከታወቁትም ቢሆን ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ የታተመውና የፈላስፋውን በርትራንድ ራስልን ሕይወት የሚተርከው «ሎጂኮሚክስ» እጅግ የሚመስጥ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ራስልን በአካል ካላገኛቸው ሊቃውንት ጋር ያገናኘዋል። ደራሲዎቹ ይህን በመጽሐፉ መጨረሻ በግልጽ አስታውቀዋል፤ ሆኖም ስንቱ ተማሪ እስከዚያ ገጽ ያነባል?

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፈፎች ተከፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ መግለጫ ተጽፎበት ሲሣል ኖሯል። ማንበብ የሚችለው እያነበበ፣ የማይችለው እያየ አንዱን ታሪክ በአንድነት ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ መጨረሻም ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቧል። የጎደለን የሳይንሱ ነው።

ጉድለቱ የሚከፋው ከቋንቋው ጉዳይ የተነሣ ነው። እንደሚታወቀው በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ለውጥ ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ወላጁንም ይነካል፤ እስከዚያ ድረስ ልጁን በማስጠናት ሲያግዝ የቆየው አባት ወይም እናት ከጠረጴዛው ይነሣሉ። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አባትና ልጅ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ዘርግተው ስለ ጥቁር ቀዳዳ ሲከራከሩ አይቼ ቀንቻለሁ። በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተዘጋጀ፣ የእንግሊዝኛውንም ሙያዊ ቃል አብሮ የያዘ የሥዕል መጽሐፍ ወላጁን ወደ ጠረጴዛው ሊመልሰው ይችላል። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ላደገው፣ እንግሊዝኛው ቀንቶት አማርኛው ለሚከብደው ልጅ ደግሞ ያው መጽሐፍ በተቃራኒው አቅጣጫ ያገለግላል።

ባለ ቀለም ኅትመት ውድ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ጋሊሊዮ ግን ቀለም አላስፈለገውም፤ የጃፓኑም ማንጋ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ሃያ አራት ገጽ ያለው መጽሐፍ የፊዚክስ ተመራቂ ተማሪና የሥነ ጥበብ ተማሪ በጋራ የመመረቂያ ሥራቸው አድርገው ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ ክፍሎቻችን ይህን እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ለመቀበል ከፈቀዱ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ርእስ እኔ ልጠቁም። ሚኒባሱ በፍጥነት ሲሄድ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ይይዛል፤ ረዳቱ ወደ ፊት ይወረወራል። በመጀመሪያው ክፈፍ ከውስጥ ሆነን እንየው። በሁለተኛው አስፋልቱ ዳር ቆማ ከምትጠብቅ ተማሪ ዓይን እንየው። በሦስተኛው ረዳቱና ተማሪዋ ማን እንደገፋው ይከራከሩ።