ማሊያው ንፋስ ይፈልጋል

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ልብስ ማድረቅ ትግል ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ያነጋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል እናቶች ግቢውን በሙሉ በልብስ ይሞሉታል፤ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ እየተሯሯጡ ይሰበስቡታል። በዚህ መሐል ለነገ ልምምድ የሚፈለገው ማሊያ፣ ካልሲና ታኬታ እንደ ረጠበ ያድራል። በማግስቱ ልጁ ያንኑ ለብሶ ሜዳ ሲገባ ጓደኞቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ትልልቅ ሰዎችም «ምነው ገላህን ብትታጠብ» ይሉታል።

ይህ አባባል በጣም ያሳዝነኛል፤ ልክም አይደለም። ላብ ከሰውነት ሲወጣ እምብዛም ሽታ የለውም። ሽታውን የሚያመጡት በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም እንዲበዙ እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ልብስ የሚያመጣውን የሻገተ ሽታ ሲመረምሩ ያገኙት ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ልብሱ ከታጠበም በኋላ የመትረፍ አቅም አለው። ስለዚህ ልጁ ታጥቦም፣ ማሊያውን አጥቦም ሊሸት ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ልብሱ ሳይደርቅ ብዙ ሰዓት በመቆየቱ ነው።

የጨርቁም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቤልጅየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎች ብስክሌት እየነዱ ያላቡባቸውን ካናቴራዎች ሰብስበው ከ28 ሰዓት በኋላ ቢያሸትቱ፣ ከጥጡ ይልቅ ፖሊስተሩ ከፍቶ አገኙት። በገበያችን የሚሸጠው ማሊያ ደግሞ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ቢሆንም ለደሴ ክረምት ፖሊስተር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጥጥ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ በዚያ ብርድ ሁለት ቀንም ላይበቃው ይችላል። ፖሊስተር ግን ያላቡበት ዕለት ማታውኑ መታጠብ አለበት።

ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ጠመዝማዛ ለወረደ ሰው ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህም ትሞቃለች። እዚያ ጠዋት የተሰጣ ማሊያ ከሰዓት ይለበሳል። ሙቀቱ ግን ባክቴሪያውንም ያፈጥነዋል፤ ከሜዳ ሲወጡ በፌስታል ቋጥረው ቦርሳ ውስጥ የረሱት ልብስ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴው ቀድሞ ይበላሻል። በሁለቱም ከተማ የመጀመሪያው ጠላት ፌስታሉ ነው። ልብሱ በውስጡ ይታፈናል፤ ውሃው መውጫ ያጣል።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ ቤት አንድ ነገር ልበል። ጭስና መዓዛ እናውቃለን፤ የወተት ዕቃ በወይራ እናጥናለን፣ ቡና ሲፈላ ዕጣን እናጨሳለን። ልብስ ሲሸትም እጃችን ወደ ማጨሻው ይሄዳል። ጭሱ ግን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ እርጥበቱን አያወጣውም፤ በማግስቱ የላብና የጭስ ድብልቅ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በብርዱ ምክንያት በር ዘግቶ በከሰል ምድጃ ላይ ካልሲና ማሊያ ማድረቅ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ተኝተው የቀሩ ብዙ ናቸው። እባካችሁ፣ ለአንድ ጥንድ ካልሲ ብላችሁ ልጆቻችሁን እንዲህ ላለ አደጋ አታጋልጡ።

ልብስ እንዲደርቅ ሙቀት ብቻውን አይበቃም፤ ንፋስ ይፈልጋል። ከጨርቁ አጠገብ ያለው አየር በእርጥበት ሲሞላ ካልተገፋ ማድረቁ ይቆማል። ስለዚህ ከታፈነ ሞቃት ክፍል ይልቅ ዝናብ የማያገኘው፣ ንፋስ የሚመላለስበት በረንዳ ይበልጣል። ማሊያውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ መጭመቅ፣ ገልብጦ መስቀል፣ በልብሶቹ መካከል አንድ ስንዝር መተው፤ ብዙው ሥራ ይኸው ነው። በረኪና ቀለሙንም ላስቲኩንም ስለሚበላ ይቅር።

ታኬታ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጭቃው ይራገፍ፤ ክሩ ይፈታ፤ የውስጡ ሶል ወጥቶ ለብቻው ይድረቅ። ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልቶ ጋዜጣው ሲርስ መቀየር በቤታችን ካሉት ዘዴዎች ሁሉ የተሻለው ነው። እሳት ዳር ከተቀመጠ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጫማ እንደ ልብ በማይገዛበት ጊዜ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከልባሽ ተራ የተገዛ ታኬታም ሳይጸዳና ሳይደርቅ አይደረግ፤ የእግር ፈንገስ በጫማ ይተላለፋል።

እስከዚህ ያልኩት ቤት ውስጥ የሚሆን ነው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ግን የጋራ ማሊያ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶችና የሰፈር ቡድኖች ማሊያው የልጁ አይደለም፤ የቡድኑ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከአሥራ አንዱም ላይ እንደ ረጠበ ይሰበሰባል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይታጨቃል፣ ስቶር ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ የሚገኘው ለሚቀጥለው ግጥሚያ ነው። ያን ጊዜ ከከረጢቱ የሚወጣውን ሽታ ተጫውቶ ያደገ ሁሉ ያስታውሰዋል። ልጆቹ እቤታቸው ወስደው ሊያጥቡ ቢፈልጉ እንኳ «ይጠፋል» ተብለው ይከለከላሉ። ንብረት ተጠበቀ የሚባለው እየሻገተ ከሆነ አልተጠበቀም። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅም በሚገባ የደረቀ ማሊያ በካርቶን ወይም በጨርቅ ከረጢት፣ ከሲሚንቶው ወለልና ከግድግዳው ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

በደሴ ከተማና በወሎ ኮምቦልቻ ክለቦች ያሉትን ተጫዋቾች የሚተኩት ልጆች ዛሬ በእነዚህ ማሊያዎች ነው የሚሮጡት። የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ የሁለቱም ከተሞች የስፖርት ኃላፊዎች፣ አዲስ ማሊያ ከመግዛታችሁ በፊት በየሜዳው ጥግ አራት ምሰሶ ትከሉ፤ ቆርቆሮ ክደኑበት፤ ጎንና ጎኑን ለንፋስ ክፍት ተዉት፤ ከምሰሶ ምሰሶ ሽቦ ዘርጉ። ክረምት ሳይገባ ሥሩት።