የአዲስ አበባ አንበሶች ዘር የሚጠበቀው ማጣመሩ በመዝገብ ሲመራ ነው

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ሲቋቋም የተጀመረው በአምስት ወንድና በሁለት ሴት አንበሶች ነበር። ከእነዚህ የተገኙት ወንዶች እስከ ደረትና ሆዳቸው በሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው ይታወቃሉ። በ2012 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት በግቢው ከነበሩት 20 አንበሶች የ15ቱን ናሙና መርምሮ፣ ለንጽጽር ከቀረቡት የዱር አንበሶች ሁሉ የተለዩ መሆናቸውን አረጋግጧል። ተመራማሪዎቹም ዘሩን በጥበቃ ሥር የማራባት ሥራ እንዲጀመር አሳስበዋል።

ይሁንና አንበሳ በግቢ ውስጥ በቀላሉ የሚራባ እንስሳ በመሆኑ ዋናው ጉዳይ ቁጥርን ማብዛት ሳይሆን ማን ከማን ጋር ይጣመር የሚለው ነው። በዘረመል ስሌት መሠረት አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ እኩል ፆታ ካላቸው ስድስት እንስሳት ያነሰ የዘር ብዝኃነት ያስተላልፋሉ። በዚህ ላይ የአንድ አባትና እናት ልጆች እርስ በርስ ቢጣመሩ ከሚወለደው ደቦል ዘረመል 25 በመቶው ከሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆኖ ሊወረስ ይችላል። ውጤቱም የመራባት አቅም መዳከምና የደቦሎች ሞት መበራከት ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የቆየው የትውልድ መዝገብ ነው። በመዝገቡ የእያንዳንዱ እንስሳ አባት፣ እናት፣ የልደትና የሞት ቀን ይሰፍራል። በዚህም መሠረት በመንጋው ውስጥ ጥቂት ዘመድ ያላቸው እንስሳት በቅድሚያ እንዲወልዱ ይደረጋል፤ ብዙ ዘመድ ያላቸው ደግሞ እንዲቆዩ ይወሰናል። በአሜሪካ ከ1981፣ በአውሮፓ ከ1985 ጀምሮ የእንስሳት ማቆያዎች በጋራ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

አሠራሩ ውጤት ማስገኘቱን የዓረብ ኦሪክስ ታሪክ ያመለክታል። በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ በ1963 በተጀመረው ማራባት የመጀመሪያው መንጋ ዘጠኝ እንስሳት ብቻ ነበሩት። ኦሪክስ በ1972 ከዱር ቢጠፋም በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ሊመለስ በቅቷል።

ማጣመር ግን የቦታና የበጀት ውሳኔም ነው። በ2006 የዓለም መገናኛ ብዙኃን በአዲስ አበባ በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ደቦሎች እንዲገደሉ መደረጉን ዘግበው ነበር። ማደሪያ ያልተዘጋጀለት ልደት ለዘሩ ጥበቃ አይሆንም። በመሆኑም መጣመር የሌለባቸውን ወንድና ሴት ለይቶ ማቆየት፣ አስፈላጊ ሲሆንም የወሊድ መከላከያ መስጠት የሥራው አካል ነው።

ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች በ2019 በተከፈተው አንድነት ፓርክም ለሕዝብ መታየታቸው ዕድልም ኃላፊነትም ነው። አንበሶች በተለያዩ ስፍራዎች ሲያዙ የዘር ልውውጥ ማድረግ የሚቻለው መዝገቡ የጋራ ሲሆን ብቻ ነው። ኃላፊና ባለሙያ ቢለዋወጥም መዝገቡ ሳይቋረጥ ሊተላለፍ ይገባል፤ የአንድ ትውልድ ወላጅነት ሳይመዘገብ ካለፈ በኋላ ለማጣራት ውድ የላቦራቶሪ ምርመራ ይጠይቃልና።