እንጨቱን ትቶ መሰኪያውን

በየሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ አንድ ልማድ ሥር ሰድዷል። ወጣቱ ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሲገባ ሻጩ ጊታሩን በሽቦ ከማጉያው ጋር ያያይዝና ጥቂት ኤኮ ጨምሮ ይጫወትለታል። ክፍሉ በድምፅ ይሞላል፤ ወጣቱም ይማረካል። ለመሆኑ የሰማው ጊታሩን ነውን? አይደለም፤ ማጉያውን ነው እንጂ።

«በዛሬ ዘመን መሰኪያ የሌለው ጊታር ጊታር አይባልም» የሚሉ ወገኖች በርካታ ናቸው። ይህ ጸሐፊ ግን አይስማማም። ክራር የሚገዛ ሰው ቆዳውን መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ስለ ጊታር ሲሆን ይህን ጥንቃቄ ማን አስጣለን?

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ርካሽ ባለ መሰኪያ ጊታሮች፥ ክሮቹ በሚያርፉበትና በበገናችን በርኩማ በምንለው ክፍል ሥር፥ ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቀጭን ንጣፍ ይገኛል። ይህን የቁስ ጠባይ የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል። ንጣፉ የሚቀበለው ይበልጡን የክሮቹን ግፊት እንጂ የሣጥኑን ሙሉ ትንፋሽ አይደለም። ስለሆነም ደህናውና ደካማው ጊታር በማጉያ ሲሰሙ ልዩነታቸው ይጠብባል፤ ከዚህ የሚጠቀመውም ሻጩ ነው።

እንጨቱ ግን ሌላ ነው። የጊታሩ ፊት ከወጥ ስፕሩስ ሲሠራ ድምፁ ይከፈታል፤ በሙጫ ከተነባበረ ስስ ጣውላ ሲሠራ ይታፈናል። ገዢው የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ ይመልከት፤ የፊቱ መስመሮች በውፍረቱ በኩል ሳይቋረጡ ከወረዱ እንጨቱ ወጥ ነው። የያማሃ ኤፍ ጂ 800 ፊቱ ወጥ ስፕሩስ ሲሆን መሰኪያ የለውም፤ የዚያው ኩባንያ ኤ ፒ ኤክስ 600 መሰኪያ አለው፥ ፊቱ ግን የተነባበረ፥ ሣጥኑም ስስ ነው። ዋጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛው ይበልጣል!

ከእንጨቱ ቀጥሎ ቅኝቱ ይፈተን። በ12ኛው የብረት መስመር ላይ ክሩን በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ የሚወጣውን ድምፅ፥ እዚያው ተጭኖ ከሚወጣው ጋር ማመሳከር ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ትዝታውም ባቲውም በዚያ ጊታር ይጎድፋል፤ አምስት ድምፆች ብቻ ባሉት ቅኝት አንዱ ሲዛነፍ የሚሸሸግበት ስፍራ የለውምና። ከሁሉ የከፋው የተማሪው ጆሮ ያንኑ ዝንፈት እንደ ትክክል መልመዱ ነው። ያን ጆሮ ለማረም ስንት ዓመት ይፈጅ ይሆን?

በየምሽቱ ከባንድ ጋር መድረክ ለሚወጣ ባለሙያ መሰኪያ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን አልክድም። ስስ የተነባበረ ሣጥን ከማጉያው የሚነሣውን ጩኸት በተሻለ ይቋቋማል፤ ወጥ እንጨት ደግሞ በአዲስ አበባ ደረቅ በጋ ካልተጠበቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ነገር ግን ከገዢዎቹ ስንቱ ነው መድረክ የሚወጣ? አብዛኛው የሚጫወተው በክፍሉና በጓደኞቹ መካከል ነው፤ ያውም መብራት ሳይጠፋ።

መድረክ ቢመጣስ? በድምፅ ቀዳዳው ላይ የሚገጠም ማግኔታዊ መቀበያ ወይም በፊቱ ላይ የሚለጠፍ ንጣፍ በኋላ ተገዝቶ ይጨመራል። ፊቱን መለወጥ ግን ጊታሩን እንደ አዲስ መሥራት ነው።

እንግዲህ ገዢው ወደ መደብሩ ሲገባ አስቀድሞ «ሽቦውን ይንቀሉልኝ» ይበል። ሻጩ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።