የድሮውን ሥራ ማን ያርመዋል?

ከጥበብ ጋር ጥቂት ጊዜ የኖረ ሰው ሁሉ አንድ የተረሳ ነገር አያጣም። ገጣሚው ከመጻሕፍቱ ሥር የተቀበረ ደብተር፣ ሠዓሊው ተጠቅልሎ አቧራ የጠጣ ሸራ፣ ሙዚቀኛው ጽሑፉ የደበዘዘ ካሴት አለው። ከዓመታት በኋላ ዕቃ ሲገለባበጥ ይገኛል። ባለቤቱም ተቀምጦ ያነበዋል፣ ያየዋል፣ ያደምጠዋል። ከዚያስ? እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በዚህ ጊዜ የምንሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ «ቅደደው፤ የልጅነት ሥራ ነው» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «አሁን በስለሃል፤ አስተካክለህ አሳትመው» ይላል። የመጀመሪያው ምክር ጭካኔው በግልጽ ይታያልና ብዙ አያሳስበኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

እስቲ የኃይሉ መርጊያን ካሴት እናንሣ። ኃይሉን በዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋችነቱ የሚያስታውሱት ብዙዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ፤ በ1981 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከባልደረቦቹ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 እዚያው ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀረጸ። በወጣትነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አነሣ፤ ከሥሩ ሲንተሳይዘርና ኤሌክትሪክ ፒያኖ አነጠፈ፤ ምቱን ለድራም ማሽን ሰጠው። ድምፃዊ የለም፤ አጃቢ የለም። «ሸሞንሟናዬ»ን የመሰሉ አገር የሚያውቃቸው ዜማዎች በአንድ ሰው እጅ ብቻ ተሠርተው ወጡ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ኃይሉ መድረኩን ትቶ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ነገር ግን ኪቦርዱን ከመኪናው አላወረደም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በዚያው ዓመት እንደገና አሳተመው።

የውጭ ጋዜጦች ታክሲውን ወደዱት። «ታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ ተገኘ» የሚለው ወሬ ሙዚቃውን ራሱን ሊጋርደው ምንም አልቀረውም። (ባሕር ዳር ላይ ካሴቱ የተገኘው አንድ ሰው ሳይጥለው ስለቆየ መሆኑን ግን ብዙም የሚያነሣ አላየሁም።) እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ካሴቱ ሳይነካካ መውጣቱ። ያ ደረቅና ቀጭን የድራም ማሽን ድምፅ ለዛሬ ጆሮ ይጎረብጣል። በ2013 አንድ ጎበዝ ከበሮ መቺ ጠርቶ በላዩ ማስመታት ቀላል ነበር። ቢደረግ ኖሮ ግን ምን እናጣ ነበር? በባዕድ አገር፣ ባንዱ የተበተነበት አንድ ሰው፣ ያለ ጓደኛ ከማሽን ጋር የተጫወተበትን ዓመት እናጣ ነበር። የአኮርዲዮኑ ናፍቆት ልብ የሚገባው ከሥሩ ያ ስሜት የለሽ ምት ስላለ ነው። አንዱን ማሳመር ሌላውን መግደል ነበር።

«ሥራው የባለቤቱ ነው፤ እንደ ወደደ ቢያደርገውስ?» የሚል ይኖራል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኦደን እንዲህ አድርጓል። «መስከረም 1 ቀን 1939» የተሰኘውን ግጥሙን እያደር ጠላው፤ ሐቀኝነት ይጎድለዋል ብሎ አንድ አንጓ ቆረጠበት፤ ኋላም ስንኝ ለወጠበት፤ በመጨረሻ ከግጥሞቹ ስብስብ ጨርሶ አስወጣው። መብቱ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲፈርሱ፣ ሰው ሁሉ እየፈለገ ለወዳጁ የላከው ያንኑ ባለቤቱ የካደውን ግጥም ነው። አረጋዊው ኦደን ብልህ ነበር፤ ግጥሙን ያስፈለገን ግን በዚያ ሌሊት የፈራው የሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሰው ነበር።

እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ አይከፈልም። በሂሳብ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ቢገኝም አይፋቅም፤ ማስተካከያው በተገኘበት ቀን፣ በሌላ ቫውቸር፣ ለብቻው ይመዘገባል፤ ሁለቱም መስመሮች በመዝገቡ ይኖራሉ። ግጥምን ከሂሳብ ጋር ማስተካከሌን የሚታዘበኝ አይጠፋም፤ ይታዘበኝ። የሃያ ዓመቱን ልጅ ስንኝ የአርባ ዓመቱ ሰው ፍቆ በላዩ ሲጽፍበት ግን ቀኑ የማን ነው? ፊርማውስ?

በእርግጥ ጅምርና ያለቀ ሥራ አንድ አይደሉም። በአጋማሽ የቆመ ግጥም ቢፈጸም አልቃወምም፤ ከግርጌው ሁለቱም ዓመታት ይጻፉ እንጂ። የብዙዎቻችን ምክንያት ግን ሥራው አለማለቁ አይደለም፤ ማፈራችን ነው። እንደዚያ ጮክ ብለን ማፍቀራችን፣ እንደዚያ በቀላሉ ማመናችን ያሳፍረናል። የምናርመው ስንኙን እየመሰለን የምንሸፍነው ፊታችንን ነው። ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው የተሰበሰቡት እሱ ከሞተ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በእርጅናው እጅ የማስተካከል ዕድል አላገኘም። ከእኛ ከአንባቢዎቹ መካከል «ምነው ባረማቸው» ሲል የሰማሁት የለም።

በሕይወት ሳለ የድሮ ሥራውን የሚያገኝ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ አዲስ ሥራ መሥራት። ኃይሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ካሴቱን እንደነበረ ተወው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አዲስ አልበም አወጣ፤ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አስከተለ። «ላላ በሉ» የሚከፈተው በትዝታ ነው። አኮርዲዮኑ እዚያም አለ። በዚህኛው ግን ባሱንና ከበሮውን የሚጫወቱት ሰዎች ናቸው፤ ከሽማግሌው ጋር እየተደማመጡ፣ ሲያዘግም እያዘገሙ፣ ሲፈጥን እየፈጠኑ።