አናሲሞስ ስለሚባለው ስም

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ልብስም ገንዘብም ይዞ አይመጣም። ወላጆቹ ከሚሰጡት ስጦታ ፊተኛው ስም ነው። ልብስ ያረጃል፥ ገንዘብም ይጠፋል፤ ስም ግን እስከ ዕለተ ሞት ድረስ ከባለቤቱ አይለይም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰዎች ለልጃቸው ስም ሲያወጡ አስቀድመው ትርጓሜውን ያስባሉ። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ እንደ ሆነ ካሣ ወይም ምትኩ ይሉታል፤ ደስ ባላቸው ጊዜ የተወለደውንም ደስታ ብለው ይጠሩታል።

ስሙ ያልተለመደ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አንዳንድ ልጆች ይሥቁበታል። «ይህ ደግሞ ምን ዐይነት ስም ነው?» እያሉ ይቀልዱበታል። እንዲህ ማድረግ አለማስተዋል ነው። ብዙ ሰዎች ስለሚጠሩበት ስም አይከብርም፤ ጥቂት ሰዎች ስለሚጠሩበትም አይዋረድም። ስምን የሚያከብረው ወይም የሚያዋርደው የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህም እውነት መሆኑ አናሲሞስ ከሚባለው ስም ታሪክ ይታወቃል።

አናሲሞስ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ስም ነው። በግሪክ ኦኔሲሞስ ይባላል፤ ትርጓሜውም ጠቃሚ፥ የሚረባ ማለት ነው። ለሚሰማው ሰው መልካም ምስጋና ይመስላል። ነገር ግን በሮማውያን መንግሥት ዘመን ይህን ስም ጌቶች ለባሮቻቸው ያወጡት ነበር። ጌታ ባሪያውን ጠቃሚ ብሎ ሲጠራው ገበሬ በሬውን ወይም ማረሻውን ይጠቅመኛል እንደሚል ያለ ነው። በሬው ሲያረጅ ይታረዳል፤ ማረሻውም ሲሰበር ይጣላል። እንዲሁም ባሪያው ስሙ ያማረ ሲሆን ራሱ ግን እንደ ዕቃ ይሸጥ ይለወጥ ነበር።

በዚህ ስም ከተጠሩት ሰዎች እጅግ የታወቀው በቅዱስ ጳውሎስ ዘመን የነበረው የቈላስይስ ሰው ነው። ቈላስይስም ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የነበረች ከተማ ናት። ይህ አናሲሞስ ፊልሞና የሚባል ክርስቲያን ባሪያ ነበረ፤ ከጌታውም ተለይቶ ሄደ። ኋላም ጳውሎስ ታስሮ ሳለ አገኘውና በእርሱ ቃል አመነ። ጳውሎስም ወደ ፊልሞና መልእክት ጽፎ መልሶ ላከው። መልእክቱ እጅግ አጭር ነው፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ፥ ቍጥሩም 25 ነው።

በዚያ መልእክት ጳውሎስ በስሙ ትርጓሜ ይናገራል። ጠቃሚ የተባለው ሰው ቀድሞ ለጌታው የማይጠቅም እንደ ነበረ፥ አሁን ግን ለሁለቱም የሚጠቅም እንደ ሆነ ይገልጻል። ዕዳም ቢኖርበት ራሱ ጳውሎስ ሊከፍልለት ቃል ይገባል። ከሁሉም የሚበልጠው ነገር፥ ፊልሞና እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው መለመኑ ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። የሰውዬው ስም አልተለወጠም፤ ትርጓሜው ግን ተለወጠ። ቀድሞ እንደ ማረሻ ጠቃሚ ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን እንደ ወንድም ጠቃሚ ተባለ።

ይህ መልእክት ከተጻፈ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉም በኋላ ባርነት ከዓለም አልጠፋም። መልእክቱን በየቤተ ክርስቲያናቸው የሚያነቡ ሰዎች እንኳ አፍሪቃውያንን ይገዙና ይሸጡ ነበር። በአሜሪካ አገር ቦስተን በምትባል ከተማ ኮተን ማዘር የሚባል ሰባኪ ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1706 ዓ.ም. ምእመናኑ አንድ አፍሪቃዊ ባሪያ ሰጡት፤ ሰባኪውም አናሲሞስ ብሎ ስም አወጣለት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። እናቱና አባቱ ያወጡለት ስም ግን በመጽሐፍ ተጽፎ አልተገኘም።

ይህ አፍሪቃዊ በአገሩ ሳለ የተማረውን ጥበብ ለጌታው ነገረው። በአገሩ ሰዎች ከፈንጣጣ በሽተኛ ቍስል ጥቂት መግል ወስደው የጤነኛውን ሰው ክንድ በጥቂቱ ቈርጠው ያኖሩበት ነበር። ያ ሰውም ቀላል ሕመም ታሞ ይድናል፤ ዳግመኛም ፈንጣጣ አይዘውም። አናሲሞስ በክንዱ ላይ የነበረውን ጠባሳ አሳየው። በኢትዮጵያም በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለ ልማድ ነበረ።

በ1721 ዓ.ም. ፈንጣጣ በቦስተን ገባ። ወደ 6000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው 844 ሰዎች ሞቱ። ማዘርም የባሪያውን ቃል አስታውሶ ለሐኪሞች ነገራቸው፤ ብዙዎቹ ግን ናቁት፤ ከአፍሪቃውያን የመጣ ጥበብ ነው ብለው የዘበቱም ነበሩ። ዛብዲኤል ቦይልስተን የሚባለው ሐኪም ብቻ ሰምቶ ከ240 የሚበልጡ ሰዎችን ከተበ። በራሱ መንገድ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከሰባቱ አንድ ያህል ሲሞት፥ ከተከተቡት ግን የሞተው ከ40 አንድ ያህል ነበር። እንግዲህ ያን ሰው ጠቃሚ ያደረገው ጌታው ያወጣለት ስም አይደለም። ሰባኪው ስም ሰጠው፤ እርሱ ግን ለከተማው ሕይወት ሰጠ።

ሦስተኛው አናሲሞስ ኢትዮጵያዊ ነው። በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር በሑሩሙ አጠገብ ከኦሮሞ ወገን አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት። ሂካ በኦሮሞ ቋንቋ የሚፈታ፥ የሚተረጕም ማለት ነው። አባቱ ሕፃን ሳለ ሞተበት። ገና ልጅ ሳለም ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ዓ.ም. ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው በምጽዋ ነጻ አወጣው፤ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮንም ሰጠው። በዚያም ተምሮ በ1872 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ። በጥምቀቱም ጊዜ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ እርሱም እንደ ፊተኛው አናሲሞስ የባርነትን ቀንበር ያወቀ ነበረና።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ከ1876 እስከ 1881 ዓ.ም. በስዊድን አገር ተማረ። ከዚያ ወደ ወገኖቹ ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበት። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቈርጦ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር። እርሱ ግን በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ መጻሕፍትን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መተርጐም ጀመረ። አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. ታተመ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 ዓ.ም. ታተመ። በዚህ ሥራ አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ረዳችው። እርስዋም ደግሞ ከባርነት ነጻ የወጣች ነበረች፤ የኦሮሞን ቃላትና ተረት እየሰበሰበች ትጽፍ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ሁለቱም ወደ ወለጋ ገብተው ልጆችን አስተማሩ። ኦኔሲሞስም እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1931 ዓ.ም. በዚሁ ሥራ ጸና።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል ተረት አለ። ሂካ የተባለው ልጅ ተርጓሚ መሆኑን ያየ ሰው ይህ ተረት እውነት ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በስሙና በመጽሐፉ መካከል ስንት ዓመት የሌሊትና የቀን ድካም እንዳለ ማሰብ ይገባዋል። ስም ብቻውን አንድ ፊደል እንኳ አይጽፍም። መልአክ ስም ቢያወጣ ሥራውን ለባለስሙ ይተውለታል። አስቴር ጋኖም ጠቃሚ የሚል ስም አልነበራትም፤ ሆኖም እጅግ ጠቃሚ ሆነች። እንግዲህ ስሙ የሌለው ሰው ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ስሙ ያለውም ሰው ሥራው ሊጐድለው ይችላል።

አናሲሞስ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ድረስ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠሩበት ነው። በግሪክ አገር ኦኒሲሞስ፥ በሩስያም አኒሲም የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ በዚያም ቢሆን የበዛ ስም አይደለም። በኢትዮጵያ መልእክቱን በጻፈው በጳውሎስ የሚጠሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ መልእክቱ ስለ እርሱ በተጻፈው በአናሲሞስ የሚጠሩ ግን ጥቂቶች ናቸው። ወላጆች ለልጃቸው የንጉሥ ወይም የሐዋርያ ስም ይወዳሉ፤ የባሪያ ስም ለማውጣት ይፈራሉ።

ይህ ፍርሃት ግን ከንቱ ነው። ባርነት በኢትዮጵያ በዐዋጅ የተከለከለው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በኋላ አያቱ ባሪያ ነበሩ እየተባለ የሚሰደብ ልጅ አልታጣም። የተሸጠው ሰው ምን በደለ? ነውሩ የሸጠውና የገዛው ነው። የአናሲሞስን ስም የያዘ ልጅ ቢኖር የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ይልቁንም ከሦስት ታላላቅ ሰዎች የተቀበለው አደራ አለበት።

ስለዚህ ተማሪ ሁሉ በጓደኛው ስም አይዘብት፤ አስቀድሞ ትርጓሜውን ይጠይቅ። የራሱንም ስም ትርጓሜ ከወላጆቹ ይጠይቅና ከሥራው ጋራ ያስተያየው። ስሙ ደስታ የሆነ ልጅ እናቱን የሚያስለቅስ ቢሆን፥ ስሙ ታማኝ የሆነም የሰው ብር የሚሰርቅ ቢሆን፥ ስሙ በየቀኑ ይከሰዋል። ስሙን በሥራው የሚሞላ ልጅ ግን ጥቂት ሰዎች የሚጠሩበት ስም እንኳ ቢኖረው ብዙ ሰዎች ያስታውሱታል። አባቶች «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ስለዚህ ነው።