የካታሎግ የቁም ተዝካር

ሰሞኑን «ጎግል እያለ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ለተማሪ ምን ይሠራለታል?» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ክርክሩ አጭር ነው፦ ጎግል ፈጣን ነው፤ የሌለው ነገር የለም፤ ካታሎግ ጊዜው አልፎበታል።

ፍጥነቱን አልክድም። ግን ሩጫ የሚጠቅመው የሚሄዱበትን ለሚያውቁ ነው። ጎግል ከውጤቶቹ አናት ላይ የተከፈለበት ማስታወቂያ ያስቀምጣል፤ ካታሎግ የፊት ወንበር አይሸጥም።

«የሌለው የለም» ያሉት ጸሐፊ፣ ይህንኑ በ1963 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆመው ይድገሙት። በየቤተ መጻሕፍቱ ካሉት የቆዩ ጋዜጦችና የመመረቂያ ጽሑፎች ስንቱ ኢንተርኔትን አይቶ ያውቃል?

«ጊዜው አልፎበታል» ለሚለውም መልስ አለ። በዴዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ቁጥር 963 የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ ነው። ከዚያ መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ሊያወጣ የሄደ ተማሪ ያልጠየቃቸውን ጎረቤቶቹንም ያገኛል። ርዕሱ «ዓድዋ» ተብሎ ይጻፍ «አድዋ»፣ በርዕሰ ጉዳይ የተመደበ መጽሐፍ በፊደል አይጠፋም።

ጎግልን እኔም እጠቀማለሁ፤ ወሬ ለመስማት ማለፊያ ነው። ምስክር ሲያስፈልግ ግን የቁም ተዝካሩን የደገሱለት ካታሎግ ዛሬም በሕይወት አለ። ድግሱ ይቅርና ተማሪው አጠቃቀሙን ይማር።